40 ኮምፒውተር፣ 31 ጊጋባይት የዊንዶውስ ሎግ፦ እስከ አርብ ኤላስቲክሰርች ውስጥ እንዴት ላስገባው?

የማታ ተረኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሌሊት ሰርቨር ላይ ሳይገባ አልቀረም። ማን፣ ከየት፣ መቼ የሚለውን አጣርቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ከ40 ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ኢቨንት ሎግ (ዊንዶውስ ማን ገባ፣ ምን ተከፈተ እያለ የሚይዘውን መዝገብ) ሰብስቤ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አድርጌያለሁ። ሁሉም ኢቪቲኤክስ ፋይሎች (ዊንዶውስ ሎጉን የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ናቸው፣ በድምሩ 31 ጊጋባይት።

መጀመሪያ በኢቨንት ቪወር እያንዳንዱን መክፈት ሞከርኩ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ያየሁትን ሌላው ላይ ለመፈለግ ከዜሮ መጀመር ነው። ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ያለው ዴስክቶፕ ላይ ኤላስቲክሰርች (ብዙ መዝገብ በአንዴ የሚፈለግበት ዳታቤዝ) እና ኪባና (ውጤቱን በብሮውዘር የሚያሳየው) ጫንኩ። በፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። አንድ ኢቨንት ያነባል፣ ጄሰን (የመስክ ስምና ዋጋ የሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ያደርጋል፣ ይልካል። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ትናንት ማታ አስጀምሬው ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ የአንዱን ኮምፒውተር ሎግ እንኳ አልጨረሰም። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበርና የት ላይ እንደቆመም አላውቅም። አርብ ሪፖርት ይጠበቅብኛል። ምን ልለውጥ?


ሎግ አንባቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አይዞህ፣ አርብ ይደርሳል። ጊዜህን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለየብቻ እንያቸው።

አንዱ ንባቡ ነው። ኢቪቲኤክስ ተራ ጽሑፍ አይደለም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ ፎርማት ነው፤ ውስጡ በባይነሪ የታሸገ ኤክስኤምኤል አለ። የተጠቀምከው አንባቢ በንጹህ ፓይተን የተጻፈው ከሆነ እያንዳንዷን መዝገብ በየተራ ይፈታል። ሥራውን በትክክል ይሠራል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኢቪቲኤክስ ደምፕ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። እሱን ውሰድ። በየመስመሩ አንድ ጄሰን አድርጎ ያወጣልሃል። የሚፈጥነው በቋንቋው ብቻ አይደለም። ፋይሉ በ64 ኪሎባይት ቁራጮች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ለመነበብ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ውስጥ ይዟል። ስለዚህ 8 ኮር ካለህ 8 ቁራጭ በአንድ ጊዜ ይነበባል። ፓይተንህን መተው ካልፈለግህም ይኸው የረስት ኮድ ከፓይተን የሚጠራበት ላይብረሪ አለው።

ሌላው አላላኩ ነው። አንድ ኢቨንት በአንድ ጥያቄ መላክ አንድ ኩንታል ጤፍ በስኒ እየቀዱ ከመርካቶ ሽሮ ሜዳ እንደማመላለስ ነው። ባልክ የሚባለውን መንገድ ተጠቀም። ብዙ ሺህ ኢቨንት በአንድ ጥያቄ ይሄዳል። አጻጻፉ አንድ መስመር ትእዛዝ፣ ቀጥሎ አንድ መስመር ጄሰን፣ እንደዚያ እየተፈራረቀ ነው። የመጨረሻዋም መስመር በአዲስ መስመር ምልክት መዘጋት አለባት። ካልተዘጋች ጥቅሉ በሙሉ ይመለስብሃል። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሰናከለው።


የቨርጂኒያው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ሎግ አንባቢ ያለችው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የጥቅሉን መጠን ነው።

በኢቨንት ቁጥር አትለካ፣ በሜጋባይት ለካ። የ4624 (የተሳካ ሎጎን፣ ማለትም መግባት) መዝገብ ትንሽ ናት። የፓወርሼል 4104 (የስክሪፕት ጽሑፍ የሚመዘግበው ኢቨንት) ግን ሙሉ ስክሪፕት ተሸክማ ልትመጣ ትችላለች። ከ5 እስከ 15 ሜጋባይት ባለው ጀምርና እጥፍ እያደረግህ ሞክር። ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም እዚያው ቁም። ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጥያቄ ኤላስቲክሰርች በነባሪ ቅንብሩ አይቀበልም፤ ግን እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግህም።

ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ላኪ ጎን ለጎን አስነሳ። 429 የሚል መልስ ከመጣ ሰርቨሩ ጠግቧል ማለት ነው። ትንሽ ጠብቀህ ያንኑ ጥቅል ድገም። 429ን እንደ ስህተት ቆጥሮ የሚያልፍ ስክሪፕት ኢቨንት ይጥላል።

ጭነቱ እስኪያልቅ ሪፍሬሹን አጥፋ፤ ዋጋውን ኔጌቲቭ 1 አድርገው። በቅርቡ ፍለጋ የተደረገበት ከሆነ በነባሪው በየሰከንዱ አዲስ የገባውን ለፍለጋ ያዘጋጃል። አንተ ደግሞ አሁን አትፈልግም፣ እየጫንክ ነው። ስትጨርስ መመለስ አትርሳ። ሬፕሊካውንም (የዳታውን ተጨማሪ ቅጂ) ዜሮ አድርገው፣ ፍጥነትህ እጥፍ ይሆናል።


ሰርቨር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆች፣ ጥሩ እየመከራችሁ ነው። አንድ ነገር ላርም።

ሬፕሊካ ዜሮ ማድረግ ፍጥነት የሚጨምረው ብዙ ኖድ (ኤላስቲክሰርች የሚሠራበት ማሽን) ላለው ነው። የእኛ ወንድም ያለው አንድ ማሽን ነው። ኤላስቲክሰርች ሬፕሊካን ከዋናው ጋር አንድ ኖድ ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ እስካሁንም ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አልነበረም። ዜሮ ቢያደርገው ቢጫው ምልክት አረንጓዴ ይሆንለታል፣ ሌላ ለውጥ አያይም።

ይልቅ ዲስኩን እይ። የኤላስቲክሰርች ዳታ የት ነው ያለው? ሎጉ ያለበት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ከሆነ ከአንዱ ዲስክ እያነበብክ እዚያው ላይ እየጻፍክ ነው። ዳታውን የውስጥ ኤስኤስዲ ላይ አድርገው። ቦታም አስቀድመህ ለካ። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ኤላስቲክሰርች ኢንዴክሱን (መዝገቦቹ የሚቀመጡበትን ክፍል) ለንባብ ብቻ አድርጎ ይዘጋዋል። ሰው በሌሊት አስጀምሮ ሄዶ ጠዋት ተዘግቶ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ኤላስቲክሰርች ለሚሠራበት ጃቫ የምትሰጠው ራም ከግማሽ አይብለጥ። ካለህ 16 ውስጥ 8ቱን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተውለት። የፋይል ካሹ እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ፍለጋውም በእሱ ነው የሚፈጥነው።


የማታ ተረኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳታው እውነትም ኤክስተርናሉ ላይ ነበር። አዛወርኩት። በረስቱ አንባቢና በባልክ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላለቀው የአንድ ኮምፒውተር ሎግ በደቂቃዎች ገባ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። አንባቢው ያወጣቸውን መስመሮች ቆጠርኩ፣ ኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትንም ቆጠርኩ። አይገጥሙም። ኢንዴክሱ ያንሳል፣ በብዙ ሺህ። ሰርቨሩ ለሁሉም ጥቅል 200 ነው የመለሰልኝ። ስክሪፕቱ ምንም ስህተት አላሳየም። የት ሄዱ?


ሎግ አንባቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እንኳን ቆጠርክ። ብዙ ሰው ሳይቆጥር ሪፖርት ይጽፋል።

200 ማለት ጥቅሉ ደረሰ ማለት ብቻ ነው። ውስጡ ያሉት መዝገቦች ሁሉ ገቡ ማለት አይደለም። ከመልሱ ውስጥ ኤረርስ የሚል መስክ አለ። እሱ እውነት ከሆነ ዝርዝሩን አንብብ። ዝርዝሩ አንተ በላክበት ቅደም ተከተል ስለሆነ የትኛው መዝገብ እንደወደቀ በቦታው ታውቃለህ። የወደቁትን ከነምክንያታቸው ለብቻ ፋይል ላይ ጻፋቸው።

ምክንያቱን ግን አሁኑኑ ልገምትልህ እችላለሁ፤ ማፒንግ ነው። ኤላስቲክሰርች አንድን መስክ መጀመሪያ ባየው ዓይነት ይመዘግበዋል፣ በኋላ አይለውጠውም። የዊንዶውስ ሎግ ደግሞ ጠባዩ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢቨንት አይዲን (የኢቨንቱን ዓይነት የሚናገረውን ቁጥር) ውሰድ። ሴኩሪቲ ሎግ ውስጥ ቀጥታ ቁጥር ነው፣ 4624። ሲስተም ሎግ ውስጥ ያለችው 7045 ግን ኳሊፋየርስ የሚባል ተጨማሪ ምልክት ስላላት አንባቢው ቁጥሩን በሌላ እቃ (ኦብጀክት) ውስጥ ከቶ ያወጣዋል። አንዱ ቁጥር፣ አንዱ እቃ። መጀመሪያ ሴኩሪቲን ከጫንክ እንዲህ የመጡት የሲስተም ኢቨንቶች ሁሉ ሳይገቡ ይመለሳሉ። አዲስ ሰርቪስ መጫኑን የምታየው በ7045 ነው፤ የጠፋችብህ ያቺው ልትሆን ትችላለች። አንባቢው እነዚህን ምልክቶች ለይቶ የሚያወጣበት አማራጭ አለው፣ አብራው።

አይፒ አድራሻም እንዲሁ ነው። መስኩን አይፒ ብለህ ከመዘገብከው፣ ከኔትወርክ ያልመጣ ሎጎን እዚያ ቦታ ሰረዝ ብቻ ይዞ ይመጣል። ሰረዝ አይፒ አይደለምና መዝገቡ በሙሉ ይወድቃል። ከመላክህ በፊት ሰረዟን አውጣት።

ኢቨንት ዳታ የሚባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መስክ ያመጣል። ዝም ካልከው የመስኮቹ ብዛት ከ1000 ያልፋል፤ ኢንዴክሱም ከዚያ በላይ በነባሪው አይቀበልም። ገደቡን ከፍ በማድረግ አትለፈው። ክፍሉን በሙሉ ፍላተንድ በሚባለው ዓይነት መዝግበው። ሁሉም እንደ አንድ መስክ ይቆጠራል፣ ውስጡን ግን በስም መፈለግ ትችላለህ። ጉድለቱ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ማየቱ ነው፤ ከዚህ ይበልጣል፣ ከዚህ ያንሳል ለሚል ጥያቄ አይሆንም። ስለዚህ በየቀኑ የምትጠይቃቸውን፣ የተጠቃሚ ስም፣ አይፒ፣ የሎጎን ዓይነት፣ የፕሮሰስ ስም፣ አውጥተህ ለየብቻ መዝግብ። የ4104ን የስክሪፕት ጽሑፍም አውጣው፣ ዓይነቱን ቴክስት አድርገው። ረጅም ጽሑፍ እንደ አንድ ቃል ከተመዘገበ 32,766 ባይት ላይ ይቆማል። ከዚያ ካለፈ መዝገቡ ይወድቃል። ተንኮለኛ ስክሪፕት ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው።

ኢንዴክሱን አጥፍተህ በአዲስ ማፒንግ ጀምር። ወደኋላ መመለስ ሊመስልህ ይችላል፣ ግን አይደለም።


ጀማሪዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ዊንሎግቢትን (የዊንዶውስ ሎግ ወደ ኤላስቲክሰርች የሚልከውን ፕሮግራም) ነው። እሱ ፋይል ማንበብ አይችልም እንዴ?


የቨርጂኒያው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይችላል፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ከሎግ ስም ፈንታ የፋይሉን አድራሻ ትሰጪዋለሽ፣ ሲጨርስ እንዲቆምም ታዢዋለሽ። ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የኢቨንቱን ሙሉ መልእክትም የሚያዘጋጀው እዚያው ማሽን ላይ በተጫኑት ፕሮግራሞች ታግዞ ነው። ፋይሉ ከሌላ ኮምፒውተር መጥቶ ያ ፕሮግራም እዚህ ከሌለ መልእክቱ ባዶ ይሆናል። ከዛሬ ወዲያ የሚመጣውን ሎግ በየደቂቃው ለመሰብሰብ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ለተከማቸ አሮጌ ፋይል ግን የረስቱ መንገድ ይሻላል።


ሰርቨር ክፍል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

የመብራቱን ነገር ማንም አላነሳውም። እዚህ አገር ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

ጭነቱ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ስታስጀምረው ምን ይሆናል? ኤላስቲክሰርች መለያውን ራሱ እንዲሰጥ ካደረግከው አንዱ ኢቨንት ሁለት ጊዜ ይገባል። አምስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አሥር ሆኖ ይታይሃል። ሪፖርትህን አንዱ ቢጠይቅህ መልስ የለህም።

ስለዚህ መለያውን አንተ ስጠው። የኮምፒውተሩን ስም፣ የሎጉን ስም፣ የመዝገቡን ተራ ቁጥርና ሰዓቱን አንድ ላይ አድርገህ ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) አውጣ። ሰዓቱን የምጨምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ከተጫነ ተራ ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል፣ ስሙ ግን ያው ሊሆን ይችላል። ትእዛዙንም ክሬት (ከሌለ ብቻ አስገባ የሚለውን) አድርገው። መዝገቡ አስቀድሞ ካለ 409 ይመልስልሃል። እሱን ገብቷል ብለህ ቁጠረው።

ይሄ ትንሽ ያዘገያል። መለያ ስትሰጠው እያንዳንዱን አለ ወይስ የለም ብሎ ያያልና። እኔ ያንን መዘግየት በደስታ እከፍላለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ከመጀመሪያው መጀመር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይበላል። ያለቁ ፋይሎችንም ስማቸውን አንድ ወረቀት ላይ ያዝ፣ ወይም ስክሪፕቱ ይያዝልህ።


አራት ኪሎ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ለምን 31ዱንም ጊጋ ትጭናለህ? አንድ ኮምፒውተር ላይ ከመቶ በላይ የሎግ ፋይል አለ፣ ብዙው ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምህም። ሴኩሪቲ፣ ሲስተም፣ የፓወርሼል ኦፕሬሽናልና የተርሚናል ሰርቪስስ ሎካል ሴሽን ማናጀር ይበቁሃል። በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሩቅ ሆኖ) የገባን ሰው የመጨረሻው ውስጥ በኢቨንት 21 ታየዋለህ፣ ተመልሶ ሲገናኝ በ25።

ሃያቡሳ የሚባል ነጻ መሣሪያም አለ። ፋይሎቹን ባሉበት አንብቦ አጠራጣሪውን በጊዜ ቅደም ተከተል ያወጣልሃል። ጭነቱ እየሄደ ጎን ለጎን አስኪደው፣ የት መጀመር እንዳለብህ ይጠቁምሃል።

ዋናዎቹን ፋይሎች ግን አትንካ። የእያንዳንዱን ሃሽ መዝግብ፣ በኮፒው ሥራ።


የማታ ተረኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

አራቱን ብቻ መርጬ በአዲስ ማፒንግ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። ጋሼ፣ ዛሬ በጣም ነው ያሰብኩዎት።

የሎጎን ዓይነት 10 (በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት) ብዬ የከሸፉ ሙከራዎችን ፈለግሁ፣ ምንም የለም። የተሳካ ግን አንድ አገኘሁ። ሪፖርቱ ላይ 2፡14 ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ?


ሎግ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ሁለቱም ላይ ቆይ።

የከሸፉትን በዓይነት 3 (በኔትወርክ መግባት) ፈልግ። ሪሞት ዴስክቶፑ ተጠቃሚውን ሴሽን ከመክፈቱ በፊት በኔትወርክ ደረጃ የሚያረጋግጥ ከሆነ የከሸፈ ሙከራ 4625 ሆኖ በዓይነት 3 ነው የሚመዘገበው። 10ን ብቻ ያየ ሰው፣ ሰውየው በአንድ ሙከራ የገባ ይመስለዋል። ሰብ ስታተሱንም (ለምን እንደከሸፈ የሚናገረውን ኮድ) እይ። በ6ኤ የሚያልቀው ስሙ ትክክል ሆኖ የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ነው። በ64 የሚያልቀው እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ፋይሉ ውስጥ ያለው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ኪባና ብሮውዘርህ ባለበት ሰዓት ቀጠና፣ ማለትም 3 ሰዓት ጨምሮ ያሳይሃል። 02፡14 ካለህ ፋይሉ ውስጥ 23፡14 ነው፣ ቀኑም የፊተኛው ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡14 ነው። አንተ ሪፖርቱ ላይ 2፡14 ብቻ ብለህ ከጻፍክ አለቃህ ምን ብለው ያነቡታል? ከጠዋቱ 2፡14። ያ ሠራተኛ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበረ ምስኪን ሰው ተጠርቶ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ሦስቱንም ጻፍ፦ ዩቲሲውን፣ በ24 ሰዓት የአዲስ አበባውን፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ ብለህ። ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር። የጥበቃ መዝገብ ጋር የምታመሳክረው በሦስተኛው ነው።


ሰርቨር ክፍል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይሄን ሁሉም ሰው ያንብበው።

እኔም አንድ ልጨምር። ያ ኢንዴክስ ውስጥ አሁን የ40 ሰው የሥራ ሰዓት አለ። ማን መቼ ገባ፣ ምን ከፈተ። ኤላስቲክሰርች ጥያቄ የሚቀበልበትን 9200 ፖርት ከዚያ ማሽን ውጭ አትክፈተው። ከኤላስቲክሰርች ስሪት 8 ጀምሮ የይለፍ ቃሉ በነባሪ ይበራል፤ ያስቸግራል ብለህ እንዳታጠፋው። ሥራው ሲያልቅ ማን እንደሚይዘው፣ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድመህ በጽሑፍ አስፈርም።


የማታ ተረኛ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

ተጭኖ አለቀ። ሪፍሬሹን መለስኩ፣ ቆጠርኩ።

የከሸፉት ሙከራዎች በዓይነት 3 ተደርድረው አገኘኋቸው። ሁሉም በአንድ የተጠቃሚ ስም፣ ሁሉም በ6ኤ የሚያልቁ፣ ሁሉም ከአንድ የውስጥ አይፒ። ከዚያ 4624 ከሌሊቱ 8፡14። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዚያው ሰርቨር 7045፣ አዲስ ሰርቪስ። በመጀመሪያው ማፒንግ ብቀጥል ኖሮ ይቺን አላያትም ነበር። ሎግ አንባቢ፣ እጅሽ ይባረክ።

ሪፖርቱ ላይ ሦስቱንም ሰዓት ጻፍኩ። አለቃዬ ሲያነቡ መጀመሪያ ያሉት «እኔ እኮ ጠዋት መስሎኝ ነበር» ነው። የጠዋት ተረኛ የነበረችውን ልጅ ለነገ ሊጠሯት አስበው ነበር። ቀረ።

በቆጠራው 39 ኮምፒውተር ገጥሟል። አንዱ ላይ ያለው የሴኩሪቲ ፋይል ግን ተራ ቁጥሩ መሐል ላይ ይዘላል፤ አንባቢውም አንድ ቁራጭ ማንበብ አልቻልኩም ብሏል። ኮፒው ሲደረግ ተበላሽቶ ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ይጎድላል ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጋ ሄጄ ሎጉን በዊንዶውሱ በራሱ መሣሪያ እንደገና አወጣዋለሁ። የጎደሉት እዚያ ካሉ መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።